የሮያሊቲ መግለጫዎች እርስ በርስ የማይገጥሙት ለምንድን ነው?

ሁለት የሙዚቃ መተግበሪያዎች ስለ አንድ ዘፈን የላኩት የሮያሊቲ፣ ማለትም ለመብት ባለቤቱ የሚደርሰው ድርሻ፣ የክፍያ መግለጫ አልገጥም ሲል፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚለው «ተበላሁ» ነው። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ አነስተኛ ስቱዲዮ አለኝ። ከመቅረጹና ከማቀናበሩ ጎን ለጎን የጥቂት ድምፃውያንንና የአንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ሥራዎችን በአከፋፋይ ድርጅት በኩል ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክ፣ ዩቲዩብ ሙዚክና ቡምፕሌይ እልካለሁ፤ ገንዘቡ ሲመጣም ለየባለቤቱ የማካፍለው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ተበላሁ» የሚለው አቤቱታ የሚቀርበው ለእኔ ነው፤ አንዳንዴም በእኔ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለምትሠሩ፣ ወይም የራሳችሁን ዘፈን አውጥታችሁ መግለጫው ግራ ላጋባችሁ ነው። እስካሁን ያየኋቸው ልዩነቶች በአብዛኛው ስርቆት አልነበሩም፤ የማይነጻጸሩ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እውነተኛው ጉድለትም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው በሚጨቃጨቅበት መስመር ላይ ሳይሆን፣ ጭራሹኑ በመግለጫው ላይ በማይታየው ገንዘብ ላይ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከቀኑ እንጀምር፤ ለእኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚከብደን እሱ ነውና። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጋሼ ለእንቁጣጣሽ ያወጡት ሥራ በደንብ ተደምጦላቸው ነበር። በመስከረም መጨረሻ መግለጫ ሲደርስ ግን የዘፈኑ ስም እንኳ አልነበረበትም። «ልጄ፣ ከተማው ሁሉ ሲሰማው ሰንብቶ እንዴት ዜሮ ይሆናል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይህ በመስከረም የደረሰ መግለጫ እንጂ የመስከረም መግለጫ አይደለም፤ የያዘው የሰኔንና የሐምሌን ነው» አልኋቸው። ፊታቸውን አይቼ እንዳላመኑኝ ስለገባኝ ፋይሉን ከፍቼ አሳየኋቸው።

መተግበሪያዎቹ አንድ ወር ካለቀ በኋላ ሂሳቡን ዘግተው ለአከፋፋዩ ይልካሉ፤ አከፋፋዩ ደግሞ ለየዘፈኑ ለይቶ በየባለቤቱ ሂሳብ ላይ ያስገባል። ይህ በተለምዶ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ሁሉም በእኩል ፍጥነት አይልኩም። በአንድ ቀን በደረሰ ፋይል ውስጥ የአንዱ መተግበሪያ መስመር የሴፕቴምበርን፣ የሌላው የኦገስትን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን በኤክሴል ስትከፍቱ ሁለት የወር ዓምዶችን ፈልጉ፤ አንደኛው ዘፈኑ የተደመጠበት ወር ነው፣ ሁለተኛው ሪፖርቱ የደረሰበት። ማነጻጸር የሚቻለው በመጀመሪያው ብቻ ነው። በሁለተኛው የደረደረ ሰው ምንም ሳይጎድል ጉድለት ሲያገኝ ይኖራል።

ወሩም የፈረንጅ ወር ነው። ሴፕቴምበር በተለመደው ዓመት ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ ነው፤ ጳጉሜን ከነሙሉዋ ይወስዳል፣ የመስከረምን ጫፍ ደግሞ ለኦክቶበር ይተዋል። ገናና ጥምቀት ሁለቱም በጃንዋሪ ውስጥ ስለሚወድቁ የወር መግለጫው የትኛው በዓል ዘፈኑን እንዳስደመጠው አይነግራችሁም። ያንን ማወቅ የሚፈልግ ስፖቲፋይ ለአርቲስቶች ባዘጋጀው ገጽ ላይ ዕለታዊውን ቁጥር ይመልከት። እዚያም ቀኑ የሚቆጠረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ለእኛ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ያ ገጽ የማድመጥ ብዛት እንጂ ገንዘብ አያሳይም። ብዙ ድምፃዊ ከዚያ ገጽ ላይ የተነሳ የስልክ ፎቶ ይዞ ነው ወደ እኔ የሚመጣው፤ ፎቶው የትናንቱን ይናገራል፣ መግለጫው ከሦስት ወር በፊት ያለውን።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «አንድ ጊዜ ሲደመጥ ስንት ነው የሚከፈለው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በአንድ ቁጥር የሚመልስላችሁን ሰው አትመኑት። ስፖቲፋይ ለአንድ ማድመጥ የቆረጠው ዋጋ የለም። በየአገሩ ከደንበኝነት ክፍያና ከማስታወቂያ የተገኘው ገቢ በየወሩ ይሰበሰባል፤ ለመብት ባለቤቶች የሚሄደው ክፍል፣ በጥቅሉ ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ገደማ፣ በዚያ ወር በዚያ አገር ከተደመጠው ሁሉ የእናንተ ዘፈን ስንት እጅ እንደያዘ ታይቶ ይካፈላል። ይህን ለጋሼ በቁጥር ላስረዳ ስታገል እሳቸው በራሳቸው ሙያ ቀደሙኝ፤ «የሌሊት ሽልማት ነዋ!» አሉ። ታዳሚው ለአዝማሪዎቹ የሸለመው ገንዘብ አንድ ላይ ተከምሮ፣ ሲነጋ በየዘፈኑ ብዛት ሲካፈል ማለታቸው ነው። አሥር ዘፈን የተጫወተ ሰው በጥር የሠርግ ሰሞን የሚደርሰውና በክረምት ሰኞ ምሽት የሚደርሰው አንድ አይደለም፤ ዘፈኑ ያው አሥር ሆኖ ሳለ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ሆኑ ሌሎቹ «ዋጋው ወረደ» ሲሉ የአገሮቹን ዓምድ ነው የማሳያቸው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሀብታም አገር ውስጥ በአንድ ወር ለባለመብቶች የተመደበው 1,000,000 ዶላር፣ ጠቅላላው ማድመጥ ደግሞ 250,000,000 ነው እንበል፤ ለአንዱ 0.004 ዶላር ይደርሳል። የደንበኝነት ዋጋው ዝቅተኛ በሆነና አብዛኛው ሰው በነጻ በሚያደምጥበት ሌላ አገር 20,000 ዶላር ለ40,000,000 ይካፈል፤ ለአንዱ 0.0005 ይሆናል። ዘፈናችሁ በዚህ ወር በሁለቱም አገር 10,000 ጊዜ ከተደመጠ 40 እና 5፣ በድምሩ 45 ዶላር ታገኛላችሁ። በቀጣዩ ወር በመጀመሪያው አገር 4,000፣ በሁለተኛው 26,000 ጊዜ ቢደመጥ 16 እና 13፣ በድምሩ 29 ዶላር ነው። ማድመጡ ከ20,000 ወደ 30,000 አድጎ ገንዘቡ ቀነሰ። ማንም አልሰረቀም። ቁጥሮቹን ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስረዳት ያነሳኋቸው ናቸው፤ በገዛ ፋይላችሁ ላይ ግን ይህንኑ ታያላችሁ።

በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን የነጻው አድማጭ፣ የተማሪው፣ የቤተሰቡና የሙሉ ደንበኛው ገንዘብ አንድ አይደለም፤ ለዚህ ነው አንድ ዘፈን በአንድ አገርና በአንድ ወር በተለያየ ዋጋ ብዙ መስመር የሚይዘው። አፕል ሙዚክ ነጻ አድማጭ ስለሌለው አማካዩ ከፍ ይላል። ኩባንያው በ2021 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለአርቲስቶች በጻፈው ደብዳቤ አማካዩ ለአንድ ማድመጥ 1 ሳንቲም ዶላር ገደማ እንደሆነ፣ ይህም በአገርና በደንበኝነት ዓይነት እንደሚለያይ ገልጿል። ሳውንድክላውድ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሥራቸውን በግላቸው ለሚያወጡ አርቲስቶች በሌላ መንገድ ያሰላል፤ የእያንዳንዱ አድማጭ ገንዘብ እሱ ራሱ ላደመጣቸው ብቻ ይከፋፈላል። እንግዲህ የሦስቱን አማካይ ዋጋ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሮ «ይህኛው ይሰርቃል፣ ያኛው ሐቀኛ ነው» ማለት ትርጉም የለውም።

የአገር ነገር ከተነሣ አንድ መራራ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ የኢትዮጵያ መስመሮች ሲመናመኑ የዶላሩ ድምር እምብዛም አልተነቃነቀም። ገንዘቡ ቀድሞም ይመጣ የነበረው ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ ነበር። በጣና ዳር ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቀው ሰው በመግለጫው ላይ ሚዛኑ ከሁሉም የቀለለ ነው። ለጋሼ ይህን አልነገርኋቸውም፤ መንገር ምን ይፈይዳል?

የሚቆጠረው ነገር ራሱም ይለያያል። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ማድመጥ የሚቆጠረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ዘፈኑ የሁለት ደቂቃም ይሁን የዘጠኝ አንድ ተብሎ ነው የሚያዘው። ማሲንቆው ተቃኝቶ፣ ተዟዙሮ፣ ወደ ትዝታው እስኪገባ ደቂቃ የሚፈጅበትን አጨዋወት ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሕግ አይጥምም፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ቅጂ (የተቀረጸ ድምፅ) ስፖቲፋይ ላይ የቅጂ ሮያሊቲ አያገኝም። አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን ወጥቶ ሌሎቹ ሲቀሩ፣ ገጹ ላይ 600 ማድመጥ እየታየ መግለጫው ላይ ዜሮ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ በብዙ መግለጫዎች የሚቆጠረው በድምፁ የተሠራው የቪዲዮ ብዛት እንጂ የታየበት ጊዜ አይደለም፤ አንድ ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው ቢያየው መስመሩ ላይ አንድ ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በቴሌግራም «10,000 ማድመጥ በዚህ ያህል ብር» እያሉ የሚሸጡ አሉ። አትግዙ። መተግበሪያው ሐሰተኛ ነው ያለውን ማድመጥ ከክፍያ ያወጣዋል፤ ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሐሰቱ በጎላበት ቅጂ ልክ አከፋፋዩን ይቀጣል፣ አከፋፋዩም ቅጣቱን ወደ እናንተ ያወርደዋል ወይም ዘፈኑን ያነሳዋል።

ዩቲዩብ ብቻውን ሦስት ኪስ አለው፤ ብዙ ጠብ የተነሣውም እዚህ ነው። አንደኛው በራሳችሁ ቻናል ላይ የሚታየው ማስታወቂያ ነው፤ ለረጅም ቪዲዮ 55 በመቶው የቻናሉ ባለቤት ሲሆን፣ የሚከፈለውም በጉግል አድሴንስ እንጂ በአከፋፋዩ አይደለም። ሁለተኛው ዩቲዩብ ሙዚክ ላይ አከፋፋዩ ያስገባው ድምፅ ነው፤ ይህ በአከፋፋዩ መግለጫ ላይ ይመጣል። ሦስተኛው ሌላ ሰው በቪዲዮው ላይ የእናንተን ዘፈን ሲጠቀም ኮንቴንት አይዲ የተባለው የማወቂያ ሥርዓት የሚሰበስበው ነው፤ እሱም በአከፋፋዩ በኩል ነው፣ ለዚያውም አገልግሎቱን ከጠየቃችሁ። ቻናላችሁ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ዕይታ አይታችሁ በአከፋፋዩ መግለጫ ዩቲዩብ ሥር ጥቂት ሳንቲም ብታገኙ፣ የምታነጻጽሩት አንደኛውን ኪስ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ከጋሼ ሥራዎች በአንዱ ላይ ግን የምር ችግር ገጥሞናል። የኮንቴንት አይዲ መስመሩ ከወር ወር ባዶ ሆነ፤ ስናጣራ ከዓመታት በፊት ቅጂውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ለቪዲዮ የወሰደ አንድ ቻናል ድምፁን በራሱ ስም አስመዝግቦት ተገኘ። ቻናሉ የገዛው ቪዲዮ የማሳየት ፈቃድ ነበር፤ የድምፅ ቅጂውን መብት ግን አልገዛም። ነገሩ የተፈታው በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ስለነበረን ነው፤ በቃል ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንከራከር ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩን መብት ለየብቻ ያስቀምጣል። ውል ስትፈርሙ ከሦስቱ የትኛውን እንደምትሰጡ ይጻፍ። ባህላዊ ዜማ ሲሆን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ያንኑ ዜማ ሌላውም ተጫውቶታል፣ ሥርዓቱም አንዱን ቅጂ ከሌላው አምታቶ የእናንተን በሌላው ስም ሊይዘው ይችላል።

አሁን ከድምሩ ላይ ወደሚቀነሰው። አከፋፋዮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ዲስትሮኪድ በዓመት ክፍያ ይሠራል፣ ከመደበኛው ገቢ ባይቆርጥም ከኮንቴንት አይዲው ገቢ 20 በመቶ ይወስዳል፤ ሲዲ ቤቢ ከሮያሊቲው 9 በመቶ ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች በሁለት አከፋፋይ ያወጡትን ዘፈን ሲያነጻጽሩ የሚያዩት ከመቆረጡ በፊት ያለውን ይሁን በኋላ ያለውን መጀመሪያ ይጠይቁ።

የአሜሪካ ግብርም አለ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የግብር ስምምነት ስለሌለ፣ ከአሜሪካ አድማጭ ከሚገኘው ሮያሊቲ ላይ 30 በመቶ ይያዛል። ከ100 ዶላር 60ው ከአሜሪካ ከሆነ 18 ዶላር ይሄድና 82 ይቀራል። የውጭ ዜጋ መሆናችሁን የሚገልጸውን ደብሊው ኤይት ቤን የተባለውን ቅጽ ግን ሙሉ። ዩቲዩብ ከ2021 ጀምሮ የግብር መረጃ ካልሰጠ ግለሰብ ላይ ከመላው ዓለም ገቢው እስከ 24 በመቶ ይይዛል፤ ቅጹን ለሞላ ሰው ተቀናሹ የአሜሪካ ተመልካቾችን ገቢ ብቻ ይነካል። አብዛኛው አድማጩ ከአሜሪካ ውጭ ለሆነ ድምፃዊ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚያ የባንክ ማስተላለፊያ ክፍያና ምንዛሪ ይቀራል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከእኔ ጋር ከሚሠሩት አንዷ ድምፃዊት ያን ጊዜ በብር የደረሳትን ከቀድሞው ጋር አነጻጽራ «ቀድሞ ግማሹን ትወስድብኝ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ብሩ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ዶላሩ ያው ነበር። ከዚያ ጀምሮ ለሁሉም በሁለት ዓምድ ነው የምጽፍላቸው፤ ዶላሩን፣ ባንኩ የመነዘረበትን ቀንና ተመን ጨምሬ።

ከላይ «በመግለጫው ላይ የማይታይ ገንዘብ» ያልኩት ይኸውላችሁ። ከአከፋፋዩ የሚመጣው የቅጂው፣ ማለትም የተቀረጸው ድምፅ ሮያሊቲ ነው። ግጥሙና ዜማው ደግሞ ሌላ መብት ናቸው፤ ገንዘባቸውም በሌላ መንገድ ይሄዳል። ግጥም ደራሲ መጥቶ «የእኔ ድርሻ በየትኛው መስመር ነው?» ሲለኝ በየትኛውም አይደለም እለዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በመተግበሪያ ለሚደመጡ ዘፈኖች የደራሲውን የሜካኒካል ሮያሊቲ (ግጥሙና ዜማው በመባዛቱ የሚከፈለውን) ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የሚሰበስበው ኤምኤልሲ የተባለው ተቋም ነው፤ ምዝገባው ነጻ ነው፣ ዘፈኑን የሚያገኘውም ደራሲው ወይም ወኪሉ አስመዝግቦት ከቅጂው ጋር ከተገናኘለት ነው። በኢንተርኔትና በሳተላይት ራዲዮ ለሚሰማው ቅጂ ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ አለ፤ ከሚሰበስበው 45 በመቶውን በቀጥታ ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች፣ ግማሹን ለቅጂው ባለቤት ይከፍላል። በአገራችን የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ጉዳይ ያስገባው በእኛ አቆጣጠር የ2007ቱ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ነው። በእኔ እምነት አንድ ሰው በስፖቲፋይ ሁለት ሳንቲም ሲጨቃጨቅ ከሚያጠፋው ጊዜ ግማሹን ግጥምና ዜማ ለማስመዝገብ ቢያውለው ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዘፈኑ አንድ መታወቂያ ካለው ነው። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ምልክት መለያ አለው። አከፋፋይ ስትቀይሩ አሮጌውን መለያ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ ከተሰጠው የቀድሞው ማድመጥ በአሮጌው ላይ ይቀራል፣ ዘፈኑም ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። የእኛን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ድምፃዊ ስሙ አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤስ ተጽፎ ሁለት የአርቲስት ገጽ ነበረው፤ የሚያየው አንዱን ብቻ ስለነበር ገቢው ከማድመጡ በልጦ ይታየው ነበር። እሱ ግን አላማረረም!

እኔ ፋይሉን እንዳወረድኩ በስም ሳይሆን በአይኤስአርሲ፣ ቀጥሎ በተደመጠበት ወር፣ ቀጥሎ በመተግበሪያና በአገር እደረድረዋለሁ። እንዲህ ተደርድሮም የማይገጥም ነገር ከቀረ ለአከፋፋዩ እጽፋለሁ። «ገንዘቤ ጎደለ» ብሎ ለሚጽፍ የሚደርሰው አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ነው። «ይህ አይኤስአርሲ፣ በዚህ መተግበሪያ፣ በዚህ ወር፣ በዚህ አገር፣ በአርቲስቱ ገጽ ይህን ያህል፣ በመግለጫው ይህን ያህል» ብሎ ለሚጽፍ ግን ሰው ያየዋል። ስህተት ከተገኘ ማስተካከያው ከወራት በኋላ በአሮጌው ወር ስም አዲስ መስመር ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዴም በቅናሽ ምልክት። ስለዚህ ካካፈልኩት በኋላ እንኳ የአንድን ወር ሠንጠረዥ ቢያንስ ለስድስት ወር ክፍት አድርጌ አቆየዋለሁ፤ ድምፃውያኑም ውላቸው ላይ ይህን አውቀው ይፈርማሉ።